ፈረሱና ግጦሹ፦ የአደባባይ ክዋኔ ለምድር ስለሚያሳድረው አሳቢነት

የአደባባይ ጥበብ፣ ማለትም ከሙዚየምና ከቴአትር አዳራሽ ወጥቶ በመንገድ፣ በሜዳና በገበያ መሀል የሚቀርብ ሥራ፣ ሰዎች ለሚኖሩባት ምድር እንዲያስቡ ያደርጋል ተብሎ በሰፊው ይታመናል። ከእምነቱ ሥር ሁለት እርከን ያለው ግምት አለ፦ ሰው ያየው ነገር ልቡን ይነካዋል፣ ልቡ የተነካ ሰው ደግሞ ይንከባከባል። የመጀመሪያው እርከን ብዙ አያከራክርም። ሁለተኛው ግን ሳይመረመር የታለፈ ነው፤ መነካት በአንድ አፍታ ተጀምሮ ሊያልቅ የሚችል ስሜት ሲሆን፣ እንክብካቤ ግን ስሜቱ ከበረደ በኋላም የሚቀጥል፣ መመላለስን፣ ድካምንና ወጪን የሚጠይቅ ተግባር ነውና።

ፈላስፋው ዣን ዣክ ሩሶ እ.ኤ.አ. በ1758 ለፈረንሳዊው ምሁር ለዳላምቤር በጻፈው ደብዳቤ፣ በጄኔቫ ቴአትር ቤት ይከፈት የሚለውን ሐሳብ ሲቃወም ያነጣጠረው በዚሁ ክፍተት ላይ ነበር። በመድረክ ለታየው መከራ ያለቀሰ ተመልካች ሰብአዊ ግዴታውን በዕንባው የከፈለ ይመስለዋል፣ ከዚያ በላይ ምንም ሳይሰጥ በራሱ ደግነት ረክቶ ወደ ቤቱ ይገባል የሚል ነበር ክሱ። ክሱ ለዛሬው የአካባቢ ጥበብም ይተርፋል። እ.ኤ.አ. በ2015 መንግሥታት ስለ አየር ንብረት ለመምከር ፓሪስ ላይ ሲሰበሰቡ፣ ኦላፉር ኤሊያሰን የተባለው የጥበብ ሰው ከጂኦሎጂ ባለሙያው ከሚኒክ ሮዚንግ ጋር ሆኖ ከግሪንላንድ የመጡ 12 የበረዶ ግግሮችን በፓንቴዮን አደባባይ አስቀምጦ፣ ሕዝብ እየዳሰሳቸው እንዲቀልጡ አድርጓል። ሥራው በቁጥር ብቻ ይነገር የነበረን እውነት በእጅ እንዲዳሰስ ማድረጉ አይካድም፤ ይሁን እንጂ በረዶው ቀልጦ ካለቀ በኋላ ከዳሰሰው ሰው የሚጠብቀው ነገር አልነበረም። ሩሶ ግን በክስ ብቻ አልተወሰነም፤ በዝግ አዳራሽ ፋንታ በሜዳ ላይ የሚከበር፣ ተመልካቹ ራሱ ተዋናይ የሚሆንበት ሕዝባዊ በዓል እንዲኖር መክሯል።

እንዲህ ያለውን በዓል ለማየት በአማራ ክልል ወዳለው አዊ ዞን መሄድ ይበቃል። በእንጅባራ ከተማ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል፣ ሰባት ቤት አገው በሚለው የጋራ መጠሪያ የተሳሰሩ ወገኖች በፈረስ የሚገናኙበት ዕለት ነው። በዓሉን የሚያዘጋጀው ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም.፣ አገሪቱ ገና ከጣሊያን ወረራ ሳትላቀቅ ሲሆን፣ ዛሬ አባላቱ በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ። በበዓሉ የሚዘከረው የዓድዋ ድል የተገኘውም በዚሁ የወር ቀን፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ በጊዮርጊስ ዕለት ነበር። ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ዋናው ነገር ግን በዓሉ የአርበኞችን ብቻ ሳይሆን የፈረሶችንም ውለታ የሚያስብ መሆኑ ነው። ከሰው ውጭ ላለ ፍጡር ዕዳ አለብን ብሎ በአደባባይ መመስከር በሥነ ምግባር ፍልስፍና ቀላል ነገር አይደለም። (ነገሥታቱን አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው እያለ በፈረሳቸው ስም ሲጠራ ለኖረ አገር ግን ሐሳቡ እንግዳ ሊሆን አይችልም።)

የዚህ ክዋኔ ኃይል የሚገኘው ከዕለቱ ድምቀት ይልቅ ከዕለቱ በፊት ባሉት ወራት ውስጥ ነው። ክዋኔ ሲባል እዚህ በአካል፣ በተወሰነ ጊዜና በሰው ፊት የሚፈጸም ድርጊት ማለት ሲሆን፣ ሽምጥ ግልቢያና ጉግስ በዚህ ትርጉም ሙሉ ክዋኔዎች ናቸው። ሜዳው ላይ ለጥቂት ደቂቃ የሚጋልበው ፈረስ ክረምቱን ሣር አግኝቶ፣ በጋውን ገብስ ቀምሶ፣ ኮቴው ተጠብቆ፣ ጀርባው ሳይገጠብ የከረመ መሆን አለበት፤ ይህ ደግሞ በዋዜማው ሊሟላ አይችልም። ያሸበረቀው ግላስና በጌጥ የተንቆጠቆጠው ልጓም ዓይን ይስባሉ እንጂ የጎድን አጥንትን አይሸፍኑም፤ ኮርቻው ሲወርድም ገጣባው ይታያል። ዙሪያውን የቆመው ሰው አብዛኛው ራሱ ፈረስ የሚያሳድግ ነውና አረማመዱን አይቶ ፈረሱ እንዴት እንደ ከረመ ይፈርዳል። ስለዚህ ክዋኔው እንክብካቤን የሚሰብክ ሳይሆን አስቀድሞ የተደረገ እንክብካቤን የሚመረምር ነው፤ ተዋናዩም የሚፈራው የተመልካቹን ዕንባ ማጣት ሳይሆን በሚያውቁት ሰዎች ፊት ማፈርን ነው። ሩሶን ያሳሰበው የዕንባ ክፍያ እዚህ አይሠራም።

ሆኖም ፈረስን መውደድ ምድርን መውደድ አይደለም የሚል ጽኑ ተቃውሞ ይነሣል። ፈረስ ያምራል፣ ይጠቅማል፣ ባለቤቱን ያውቃል፤ በከባድ ዝናብ እየታጠበ አሲዳማ የሆነ አፈር ግን በዓል አይወጣለትም። እንዲያውም የፈረስ ብዛት ግጦሹን ሊጎዳ ይችላል። ከዚህ የሚብሰው ግን በአዊ ከታዩት የመሬት ማገገሚያ ሥራዎች አንዱና ትልቁ ያለ አንዳች ጥበብ የተስፋፋ መሆኑ ነው። በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬው ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዘር በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ይተክላል፣ በቀጣዮቹ ዓመታት ከሥሩ የሚበቅለውን ሣር ለከብት ያጭዳል፣ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉን ቆርጦ እዚያው ማሳው ላይ ከሰል ያከስላል፣ ከዚያም መሬቱን መልሶ ያርሳል። የደከመው አፈር አገግሟል፣ ኮረብታው ለብሷል። ይህን ያደረገው የከሰል ዋጋ እንጂ ሥዕል ወይም ትዕይንት አልነበረም።

ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ ጥቅም ከጥበብ ይልቅ ፈጥኖ እንደሚያንቀሳቅስ መቀበልም ግድ ይላል። ነገር ግን ጥቅም ባመጣው መንገድ ይሄዳል። በቅርብ ዓመታት የዝገት በሽታ ዲከረንሱን ሲመታ፣ ዛፉን ለማቆየት ከገቢው ሌላ ምክንያት ያልነበረው ገበሬ በምን ይጸናል? ፈረሱ በተቃራኒው ለጦርነት ማገልገሉ ካበቃ ብዙ ዘመን አልፎታል፤ ለሠርግና ለመንገድ ቢፈለግም በእንዲህ ያለ ክብር ተይዞ እንዲቆይ ያደረገው የዋለው ውለታ በየዓመቱ በአደባባይ መታወሱ ነው። የክዋኔ ድርሻ ስሜትን ከባዶ መፍጠር ሳይሆን ጥቅም ያቆመውን ግዴታ ጥቅሙ ሲደክም ደግፎ ማቆየት ነው ማለት ይቻላል።

ከዚህ አንጻር ሲታይ የችግኝ ተከላም ራሱ ክዋኔ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በአንድ ጀንበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ሲገለጽ በዓሉ የተገነባው በተከላው ቁጥር ላይ ነበር። የጥበብ ሰው የሆነው ጆሴፍ ቦይስ እ.ኤ.አ. በ1982 በጀርመን ካስል ከተማ የጀመረው ሥራ በሌላ አቅጣጫ የተቀየሰ ነው። 7000 የባዛልት ድንጋዮች በሙዚየም ፊት ለፊት ተከመሩ፤ አንድ ዛፍ በተተከለ ቁጥር አንድ ድንጋይ ተነሥቶ ከጎኑ ይቆማል። ክምሩ የሚናገረው ስለተሠራው ሳይሆን ስላልተሠራው ነበር፤ ከተማዋም ሥራው በ1987 እስኪፈጸም ድረስ ቀሪ ዕዳዋን በየዕለቱ እያየች ኖራለች። ቦይስ ራሱ ፍጻሜውን ሳያይ በ1986 ሞቷል።

የፈረሰኞቹም በዓል ቢሆን የማይደርስበት ቦታ አለ። ፈረስ ባለቤት አለው፤ ክሳቱ ማንን እንደሚያሳፍር ይታወቃል። ከእንጅባራ ብዙም የማይርቀው የዘንገና ሐይቅና ዙሪያውን የከበበው ደን፣ ወይም የጋራ ግጦሹ፣ ቢሳሳ ቢመናመን ግን ጥር 23 ቀን አንገቱን የሚደፋለት አንድ ሰው የለም። በዳንግላ ወረዳ፣ በዳንግሽታ ቀበሌ ገበሬዎች ከተመራማሪዎች ጋር ሆነው ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የዝናቡን መጠን፣ የጉድጓዱንና የወንዙን ውኃ ከፍታ ሲለኩና ሲመዘግቡ ቆይተዋል፤ ይህ ሥራ ከበሮም ጭብጨባም የለውም። ልኬቱ በዓመት አንድ ቀን ፈረሶቹ በሚሰለፉበት ሜዳ ላይ ጮክ ተብሎ ቢነበብ፣ የሚሰማው ሰው ከዚያው ውኃ የሚጠጣ ይሆናል፤ ጉድጓዱ ከአምናው ዝቅ ብሎ የተገኘ እንደሆነም ለዚያ መልስ የሚሰጠው ማን እንደሆነ እዚያው መጠየቁ አይቀርም።