እያደር፣ ግን በማን ላይ?

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። የተበደለ የሚጽናናበት፣ በሐሰት የተከሰሰ አንገቱን ቀና የሚያደርግበት ተረት ነው፤ እኔም ስወደው ኖሬአለሁ። «እያደር» የምትለዋን ቃል ልብ ያልኳት ግን ዘግይቼ ነው። ማደር ሌሊትን ማሳለፍ ነው። ተረቱ ሌሊቱ ስንት እንደሆነ አይነግረንም፤ ማን እንደሚያድረውም አይነግረንም።

ይህን ያሳሰበኝ ለወጣቶች የተጻፈ አንድ የአሜሪካ ልብ ወለድ ነው፤ ሎይስ ዳንከን እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመችው «ባለፈው በጋ ያደረጋችሁትን አውቃለሁ»። አራት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ተራራ ላይ ሲዝናኑ አምሽተው በመኪና ሲመለሱ ብስክሌት የሚነዳ ትንሽ ልጅ ይገጫሉ። አይቆሙም። አንደኛው ከሕዝብ ስልክ ደውሎ፣ ስሙን ሳይናገር፣ አምቡላንስ ይጠራል። ልጁ ግን ይሞታል። አራቱ ምስጢሩን ላያወጡ ይማማላሉ፤ ሁሉም ካልተስማሙ መሐላው አይፈታም። ጁሊ የምትባለው እንመለስ ብላ ነበር፤ በመጨረሻ እሷም እጇን ሰጠች።

እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣውን ፊልም ብቻ ያየ ሰው የሚያስታውሰው መንጠቆ የያዘውን ገዳይ ነው። በመጽሐፉ ከአራቱ አንዳቸውም አይሞቱም። የዳንከን ጉዳይ ደም ሳይሆን ያ መሐላ የሚያደርገው ነገር ነው። ሬይ የተባለው ካሊፎርኒያ ይሸሻል፤ ጁሊ ከጓደኞቿ ርቃ መጽሐፍ ውስጥ ትደበቃለች፤ ሌሎቹ ሁለቱ ምንም እንዳልሆነ ሰው ኑሯቸውን ይቀጥላሉ። ልብ በሉ፤ ለአራቱ እውነቱ ከመጀመሪያዋ ሌሊት ጀምሮ የጠራ ነው። ማን እንደነዳ፣ ማን እንዳልቆመ ያውቃሉ። የጨለመው በልጁ ቤት ነው። ንጋት ማንም ሳይጠራው ይመጣል። እውነት ግን በሰው አፍ ውስጥ ተዘግቶበት ሊያረጅ ይችላል፤ ተረቱ ሁለቱን አንድ ላይ ማሰሩ እዚህ ላይ ያጠራጥረኛል።

ከልብ ወለዱ ይልቅ የሚከብደው የደራሲዋ የራሷ ሕይወት ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የዳንከን የመጨረሻ ልጅ፣ ገና በ18 ዓመቷ፣ በአልበከርኪ ከተማ መኪና እየነዳች ሳለ በጥይት ተመትታ ሞተች። አደጋ አልነበረም፤ ግድያ ነበር። ቢሆንም የሚያውቅ ሰው ዝም ያለበት ሞት ነበር። እናትየዋ በ1992 «ልጄን ማን ገደላት?» የሚል መጽሐፍ ጻፈች፤ ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠይቅ ኖረች። በ2016 ሳታውቅ አረፈች። አንድ ሰው «እኔ ነኝ» ብሎ ለፖሊስ የተናገረው በ2021 ነው፤ በተከታዩ ዓመት ክስ ተመሠረተበት። እውነቱ እያደር ጠራ እንበል? እሷ ያደረችው ከ9,000 በላይ ሌሊት ነበር፤ አንዱም አልነጋላትም።

አባቶቻችን ይህን ያጡት አይመስለኝም። ተርተው እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ ሰው ተገድሎ ወይም ከብት ተሰርቆ አድራጊው ሲጠፋ አውጫጭኝ ይቀመጡ ነበር። ያገሩ ሰው ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል፤ ያየ ወይም የሰማ እስኪናገር ሥራ ይፈታል። ለንጹሑ ገበሬ ግፍ ነበረው፤ እርሻው ጾም ያድራል። ነገር ግን የዝምታውን ሌሊት በሟች ቤተሰብ ላይ ብቻ አልጣለውም፤ ለሁሉም አካፈለው። «ይጠራል» የሚለውን ቃል አጥብቀን ብናነበው ስም እንደሚጠራው ይሆናል። ለእኔ ተረቱ እውነት የሚሆነው እንዲህ ሲነበብ ነው፦ አንድ ሰው በስሙ ካልጠራው አይጠራም።

ዳንከን ይህን ልጇ ከመሞቷ ብዙ ዓመት ቀድማ ጽፋዋለች። በልብ ወለዱ ምስጢራቸውን አውቃለሁ የሚል ማስፈራሪያ ሲደርሳቸው፣ ጁሊና ከካሊፎርኒያ የተመለሰው ሬይ ላኪውን ፍለጋ ወደ ሟቹ ልጅ ቤት ይሄዳሉ። የልጁ እናት በሐዘን ታማ ሆስፒታል ናት፤ ቤት ያገኙት እህቱን ነው። በሩ ተከፍቷል፤ መናገር ይቻል ነበር። እነሱ ግን መኪናችን ተበላሽቶብናል፣ ስልክ አስደውሉን አሏት። እሷም ወደ ቤት አስገባቻቸው።