የረከሰው ሻይ

ትምህርት ቤት የሰማነው ታሪክ አጭር ነው፦ እንግሊዝ ታክስ ጨመረች፣ አሜሪካውያን ተቆጡ፣ ሻዩን ባሕር ውስጥ ጣሉት። ዝርዝሩን ሳነብ ግን ግራ ገባኝ። ለካ የተጣለው ሻይ ዋጋው የቀነሰ ነበር!

በ1767 እ.ኤ.አ. የለንደን ፓርላማ ወደ አሜሪካ ቅኝ ግዛቶቹ በሚገባ መስታወት፣ ወረቀት፣ ቀለም፣ እርሳስ (ማዕድኑ) እና ሻይ ላይ ቀረጥ ጣለ። የቅኝ ግዛቶቹ ነጋዴዎች የእንግሊዝ ዕቃ አናስገባም ብለው አደሙ። በ1770 ቀረጡ ተነሣ፤ የሻዩ ብቻ ቀረ፣ በፓውንድ ሦስት ፔንስ። ፓርላማው ያስቀረው ቀረጥ የመጣል መብት እንዳለው ለማሳየት ጭምር ነበር። በ1773 ደግሞ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ሻዩን በቀጥታ እንዲልክ ስለተፈቀደለት ዋጋው ወረደ። ቀረጧ ግን እዚያው ነች። ዲሴምበር 16 ማታ የቦስተን ሰዎች 342 ሣጥን ሻይ ወደ ባሕር ወረወሩ።

ከተቃዋሚዎቹ መካከል በኮንትሮባንድ ሻይ የሚያተርፉ ነበሩ፤ ርካሹ ሻይ ገበያቸውን ይዘጋባቸዋል። ጥያቄያቸው ግን ከኪሳቸው ይሰፋል፦ እኛ ወኪል በሌለንበት ፓርላማ የተወሰነን ነገር፣ ስለረከሰልን ብቻ እንቀበለው?

እኔ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ። አንድ ጊዜ «እስማማለሁ» የሚለውን ሣጥን ቀድሜ ምልክት አድርጌበት ለተጠቃሚ አቅርቤያለሁ። አገልግሎቱ ነፃ ነው፣ ማን ይጎዳል ብዬ። ማንም ላይጎዳ ይችላል፤ የተጠየቀ ሰው ግን የለም። ለሰው ጥቅም መስጠት ፈቃዱን ከመጠየቅ ነፃ አያወጣም። የሚገርመው፣ በራሴ ስልክ ላይ እንዲህ ያለ ሣጥን ሳይ እናደዳለሁ።

ቦስተንም እንደኔው ናት። ሻዩን ከጫኑት መርከቦች አንዷ ዳርትማውዝ ትባላለች። የፊሊስ ዊትሊ የግጥም መጽሐፍ ቅጂዎችም ቦስተን የደረሱት በዚችው መርከብ ነው። ፊሊስ በልጅነቷ ከአፍሪካ ተወስዳ እዚያው ከተማ የተሸጠች ገጣሚ ናት። «ሳንጠየቅ ቀረጥ አንከፍልም» ያለችው ከተማ ይችን ልጅ ስትገዛ ማንን ጠየቀች?

ይሄ የሻዩን ክርክር ውሸት አያደርገውም። እንዲያውም ክርክሩ ልክ ስለሆነ ነው ፊሊስም ልትጠየቅ የሚገባት። «ያለ ፈቃዴ» የሚል ሰው መጀመሪያ ያለ ፈቃዳቸው የሚያዛቸውን ሰዎች ይቁጠር። እኔ ከዚያች ሣጥን ጀመርኩ። ምልክቱን አነሣሁት፤ ብዙ ሰው ሳይነካት ያልፋል፣ መብቱ ነው።