ያረጀ ጡብ ስንት ያወጣል?

ቤት ሲሸጥ ደላላ የሚያወራው ስለ ቤቱ ነው፤ ስንት ክፍል እንዳለው፣ ውሃ ይምጣ አይምጣ፣ ጣሪያው ያፍስ አያፍስ። ኒውዮርክ ውስጥ ሶሆ በሚባለው አሮጌ ሰፈር ግን ደላላው አስቀድሞ የሚያወራው ቤቱ ቤት ከመሆኑ በፊት ስለነበረው ነገር ነው። በዚያ ሰፈር ሳልፍ በአንድ አሻሻጭ ቢሮ መስኮት ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ቆሜ አነበብሁ። ሙሉ በሙሉ የታደሰ «ሎፍት» ይሸጣል ይላል። የጡቡ ግድግዳ የጥንቱ ነው፤ የብረት ዓምዶቹ የጥንቶቹ ናቸው፤ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ መስኮቶቹ ግድግዳውን ሊያዳርሱ ምንም ያልቀራቸው። ዱሮ ጭነት ይሳብበት የነበረው መዘውር እንኳ ለጌጥ እንዲሆን ተትቷል። ዋጋው በሚሊዮን ዶላር የሚቆጠር ነው። ከሁሉ ይልቅ የያዘችኝ ግን አንዲት ቃል ናት፤ «ታሪካዊ» የምትል።

የማን ታሪክ ነው የሚሸጠው? ታሪክስ ከጡብና ከብረት ጋር አብሮ በውል የሚተላለፍ ንብረት ነው ወይ?

ለማያውቀው አንባቢ፣ ሎፍት ማለት በፋብሪካ ወይም በመጋዘን ሕንጻ ውስጥ ያለ፣ በግድግዳ ያልተከፋፈለ ሰፊ ወለል ነው። የሶሆ ሕንጻዎች አብዛኞቹ የተሠሩት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው (የዓመታቱ ቁጥር በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ልብ ይሏል)። የፊት ገጻቸው በቅርጽ ከፈሰሰ ብረት የተሠራ ነው፤ ዓምዱና ጉልላቱ በማቅለጫ ቤት ተዘጋጅቶ ይመጣና እዚያው እየተገጣጠመ ይቆማል። ብረት ሸክም ስለሚችል ግድግዳው ቀጠነ፤ መስኮቱም ሰፋ። መስኮቱ የሰፋው ግን ለማንም ዓይን ደስታ አልነበረም። የኤሌክትሪክ መብራት ባልነበረበት ዘመን ጨርቅ የሚመርጠውም፣ የሚቆርጠውም፣ የሚሰፋውም በቀን ብርሃን ስለነበረ ነው። ወለሉ የተንጣለለው ቦታው ለሸቀጥና ለስፌት መኪና ረድፍ ስለተፈለገ ነው። ዛሬ ገዢው «ልብ ያሳርፋል» የሚለው ስፋት የሰው ልብ እንዲያርፍበት ታስቦ የተሠራ አይደለም ማለት ነው። ይህን የምለው ለማሽሟጠጥ አይደለም፤ ውበቱ እውነተኛ ውበት ነው፣ እኔም አይቼ ተደንቄአለሁ። ከምን እንደመጣ ግን ማወቅ ይገባል።

ከሶሆ ጥቂት መንገድ ወደ ሰሜን ቢሄዱ፣ ከዋሽንግተን አደባባይ አጠገብ አሥር ፎቅ ያለው ሕንጻ አለ። እሱም የተሠራው ለሎፍት ነበር። መጋቢት 25 ቀን 1911 በላይኛዎቹ ሦስት ፎቆች ላይ በነበረው የትራያንግል የሸሚዝ ፋብሪካ እሳት ተነሣ። 146 ሠራተኞች አለቁ፤ አብዛኞቹ ከአይሁድና ከኢጣሊያ ስደተኛ ቤተሰብ የመጡ ወጣት ሴቶች ነበሩ። በዘጠነኛው ፎቅ አንዱ የደረጃ በር ተቆልፎ ነበር። ብዙዎቹ በእነዚያ ሰፋፊ መስኮቶች ዘለሉ። ባለቤቶቹ በዚያው ዓመት ፍርድ ቤት ቀርበው በነጻ ተሰናበቱ። ሕንጻው ዛሬም ቆሟል፤ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ንብረት ነው።

የሶሆ ደላሎች ታሪክ ሲያወሩ ግን ከዚህ አይጀምሩም። የሚጀምሩት ከሠዓሊዎቹ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፋብሪካዎቹ እየለቀቁ ሲሄዱ ሕንጻዎቹ ባዶ መቅረት ጀመሩ፤ እሳት ስለማይጠፋበት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሰፈሩን «የሲኦል መቶ ኤከር» ብለው ሰየሙት። ሰፊ ቦታ በርካሽ የሚሹ ሠዓሊዎችና ቀራጮች ገቡበት። መኖር በሕግ ክልክል ስለነበረ አልጋቸውን ከተቆጣጣሪ እየደበቁ ኖሩ። በ1961 ከከተማው ጋር በደረሱበት ስምምነት፣ እሳት ቢነሣ ሰው መኖሩ እንዲታወቅ «ኤ. አይ. አር.» የሚል ምልክት በር ላይ ተለጠፈ፤ ነዋሪ አርቲስት አለ ማለት ነው። ሮበርት ሞዝስ የተባለው ኃያል የከተማ ሹም ሰፈሩን የሚሰነጥቅ ፈጣን አውራ ጎዳና ሊሠራ አቅዶ ነበር፤ ጄን ጄኮብስና ነዋሪዎቹ ለዓመታት ታግለው ዕቅዱ በ1969 ተሰረዘ። በ1971 ከተማው አርቲስቶች በዚያ እንዲኖሩ ፈቀደ። በ1973 ሰፈሩ በቅርስነት ተመዘገበ። ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት አያዳግትም፤ ሥዕል መሸጫው ተከተለ፣ ምግብ ቤቱ ተከተለ፣ የልብስ መደብሩ ተከተለ፣ ባለገንዘቡ ተከተለ። ሠዓሊውም ኪራዩ አስወጣው።

ይህ ተረክ ደስ ይላል፤ ጀግና አለው፣ ድል አለው፣ ኀዘንም አለው። ስለ ሎፍት የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያለቅሱትም ለሠዓሊው ነው። እኔ ግን አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። ቼስተር ራፕኪን የተባለው የከተማ ፕላን ምሁር ለከተማው አጥንቶ በ1963 ያወጣው ዘገባ፣ ያ «ባዶ» ይባል የነበረው ሰፈር ባዶ እንዳልነበረ ያሳያል። ትናንሽ ፋብሪካዎች ገና በሥራ ላይ ነበሩ፤ ከሠራተኞቹም ብዙዎቹ ጥቁሮችና የፖርቶ ሪኮ ተወላጆች፣ ብዙዎቹም ሴቶች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች በተረኩ ውስጥ የሉም። በ1982 የወጣው የሎፍት ሕግ እንኳ የጠበቀው የሚኖርበትን እንጂ የሚሠራበትን አልነበረም። ሠዓሊው ተገፋ ብለን ስናዝን እሱ የገባበት ወለል ላይ ማን ቆሞ እንደነበረ እንረሳለን። ሠዓሊው ገፋቸው ማለቴ አይደለም፤ አብዛኛውን የገፋው የኢንዱስትሪው መፍለስ ነው። ሆኖም የመጨረሻው ተፈናቃይ የፊተኛውን ኀዘን ጠቅልሎ ሲወስድ ማየት ደግ አይደለም።

አንድ አስቂኝ ነገር ላክል። የ1971ዱ ደንብ በሎፍቱ የሚኖረው ሰው ከከተማው የባህል መሥሪያ ቤት የአርቲስትነት የምስክር ወረቀት ያለው እንዲሆን ያዝ ነበር። ደንቡ ሳይሻር ወረቀት የሌላቸው ባለገንዘቦች ለዓመታት ገዝተው ገቡ፤ ሻጩም ገዢውም እያወቁ ዝም ተባባሉ። በ2021 ከተማው ደንቡን ሲያሻሽል ወደ ተራ መኖሪያነት የሚለውጡ ባለቤቶች ለኪነ ጥበብ የሚውል መዋጮ እንዲከፍሉ ወሰነ፤ እሱም ፍርድ ቤት ደርሶ አሟገተ። እስቲ አስቡት፤ የአርቲስቱን ቦታ በገንዘብ መዋጀት! ስለ ሰፊዋ ሴትዮ ግን መዋጮ ያነሣ አልሰማሁም።

ኒውዮርክ ብዙ ዓመት የኖረ ወዳጄ ይህን ስነግረው ሳቀብኝ። «አንተ ደግሞ! ለሞተ ሰው ምን ይጎድልበታል? ባይገዙት ኖሮ አይጥ ይወርሰው ነበር» አለኝ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በእኛው አቆጣጠር ፒያሳ ሲፈርስ ያየ የአዲስ አበባ ሰው ደግሞ ከእሱ ጋር ሊቆም ይችላል፤ «እነሱ ቢያንስ ግድግዳው ቀርቶላቸዋል» ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ የቆመ ግድግዳ ይጠየቃል፣ ከፈረሰ ማን ይጠየቃል? እንደ እኔ አስተሳሰብ ሕንጻውን አድሶ የሚኖርበት ሰው ከሚያፈርሰው ሰው የተሻለ ነው። ሙታኑም በሶፋው አይጎዱም።

የሚጎዳው ሕያው ነው። ይኸውም ያ ሥራ አልጠፋም፤ ቦታ ለወጠ እንጂ። በ2013 ባንግላዴሽ ውስጥ ራና ፕላዛ የተባለው ሕንጻ ሲደረመስ ከ1,100 በላይ የልብስ ሠራተኞች ሞቱ። ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ በ2016 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። በ2019 አንድ የጥናት ማዕከል ባወጣው ዘገባ የኢትዮጵያ የልብስ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን፣ ይህም ልብስ ከሚያመርቱ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው መሆኑን ገለጸ። ዘገባውን ያወጣው ማዕከል የማን ነው? የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ፤ የዚያ የ1911ዱ ሕንጻ ባለቤት። ይህን ለወቀሳ አላነሣሁትም፤ እንዲያውም የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ነገር ግን በማንሃታን ጡብ ላይ «ታሪካዊ» ተብሎ የሚጻፈው ነገር በሐዋሳ የሰኞ ማለዳ ሰርቪስ ውስጥ ተቀምጦ ይሄዳል። አለፈ ተብሎ የሚሸጠው አላለፈም። ማስታወቂያው ውሸት ካለበት ውሸቱ እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ታዲያ ገዢው ምን ያድርግ? አይግዛ አልልም። በየዓመቱ በመጋቢት 25 ፈቃደኞች በትራያንግል የሞቱት ሴቶች ይኖሩባቸው በነበሩ ቤቶች ደጃፍ፣ አስፋልቱ ዳር፣ ስማቸውንና ዕድሜያቸውን በጠመኔ ይጽፋሉ። ከ2004 ጀምሮ እንዲህ ያደርጋሉ። ዝናብ ያጥበዋል፤ በዓመቱ ደግሞ ይጽፉታል። እኔም መጀመሪያ ያሰብሁት ይህን የመሰለ ነገር ነበር፤ የሽያጭ ማስታወቂያው ውስጥ ከመታጠቢያ ገንዳው እምነበረድ ቀጥሎ አንድ መስመር ይጨመር፤ በዚህ ወለል ላይ ምን ይሠራ እንደነበረ፣ ማን ይሠራው እንደነበረ፣ ስንት ይከፈለው እንደነበረ። ለወዳጄ ነገርሁት። ዋጋው የሚወርድ መስሎኝ ነበር የነገርሁት። እሱ ግን ጥቂት አሰብ አድርጎ «አይወርድም፤ ይጨምራል እንጂ» አለኝ። ልክ ሳይሆን አልቀረም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ያቺን መስመር ለማንም አልመከርሁም።