ርካሽ ዋጋ ለማን?

ቀድሞ ተማሪዬ የነበረ አንድ ጐልማሳ በዚህ ሰሞን መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ረከስ ያለ የቻይና አውቶሞቢል ልገዛ ነበር፤ ሰው ግን ቆርቆሮ ነው እያለ ያስፈራራኛል» አለኝ።

ወሬው ያለ ምክንያት የተነሣ አይደለም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2005 ዓ.ም. የጀርመን የአውቶሞቢል ማኅበር ላንድዊንድ የተባለውን የቻይና መኪና በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር አስሮጦ ከማገጃ ጋር ቢያጋጨው፣ ሹፌሩ የሚቀመጥበት ክፍል ተጨማደደ። በግጭት ጊዜ የመኪናው አፍንጫ ተጨማድዶ ኃይሉን ሊውጥ፣ የሰው መቀመጫ ግን ሊጸና ይገባው ነበርና ነገሩ ብዙ አስወራ። በ2022 ዓ.ም. ግን ቢዋይዲ የተባለው የቻይና ፋብሪካ የሠራው የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል በአውሮፓ ፈተና አምስት ኮከብ አገኘ። እንግዲህ ጉድለቱን የአንድ ሕዝብ ጠባይ ማድረግ ሐሜት ነው። ደግሞም ኮከቡ የተፈተነው ዓይነት ነው እንጂ፣ ለሌላ ገበያ መሣሪያው ተቀንሶ የሚላከው አይደለም።

እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። ልጁ ስለ ዋጋው ብዙ ሲያወራ በኋላ ወንበር የሚቀመጡትን ልጆቹን አላነሣም። ሰው በገዛ ነፍሱ ቢደፍር የራሱ ጉዳይ ነው እንበል፤ ነገር ግን የተረፈው ገንዘብ ለገዢው ሆኖ ሳለ፣ አደጋው ምርጫውን ላልተጠየቁት ሊደርስ ምን ፍርድ አለው? (ድኻ ነውና ምን ያድርግ የሚለኝ ይኖራል፤ በታጨቀ ታክሲ ያለ ቀበቶ መሄድም ደኅና እንዳልሆነ አውቃለሁ።)

«የምትገዛው ዓይነት ራሱ ተፈትኗል? የአየር ከረጢቱስ ስንት ነው? ለኋላ ወንበርስ?» አልሁት።

«ሻጩ አልነገረኝም።»

«አንተስ ጠየቅኸው?»

ዝም አለ። ጠይቆ እንዲመለስ ነግሬው ነበር፤ እስከ ዛሬ አልመጣም።