ሳይቀምስ የማይነፋው

በአንድ አገር አንድ ጥሩምባ ነፊ ነበር። ሰው ሲሞት ይነፋል፤ በሬ ሲጠፋ ይነፋል፤ ወንዝ ሲሞላ ይነፋል። የሀብታሙን ሞት አያስረዝምም፤ የድሃውን አያሳጥርም። አንድ ልማድ ግን ነበረው፦ ሳያይ አይነፋም። «እገሌ ሞተ» ቢሉት ቤቱ ድረስ ይሄዳል። «በሬ ጠፋ» ቢሉት በረት ገብቶ ባዶውን ካስማ በእጁ ይነካል። በዚህ የተነሳ ይዘገያል፤ ይሰደባልም። እሱ ነፍቶ ግን ከቤቱ የሚቀር ሰው አልነበረም።

የታች ሰፈር ውሃ የለውም። በየበጋው ይነፋል፦ «የታች ሰፈር ሰው በጥም አለቀ!» ሰው ይወጣል፤ ከንፈሩን ይመጥጣል፤ ይመለሳል። በሚመጣው በጋ ደግሞ ይነፋል። ደሞዙ አንድ ቁና ገብስ ናት፤ እሷም በጊዜዋ መጥታ አታውቅም።

አንድ ቀን ጉድጓድ የሚቆፍር ማኅበር መጣ። የማኅበሩ ዳኛ አስጠራውና፣ «አያ፣ ስንት ዘመን ጥሙን ስትናገር ኖርክ። አሁን ደግሞ ከእኛ ጋር ሆነህ ውሃውን ተናገር» አለው። ቁናዋ ሦስት ሆነች፤ ወር በገባ ቁጥር ትሰፈራለች። ሚስት «ተመስገን» አለች። ጎረቤት «ጥሩምባው ተሸጠ» አለ። እሱ ለሁለቱም አልመለሰም፤ ቁልቁል ወረደ።

የመጀመሪያው ጉድጓድ ሲወጣ ተንበርክኮ በእፍኙ ጠጣና ነፋ። እንስራ ያዘለ ሁሉ ጎረፈ። ሁለተኛውም እንዲሁ ሆነ። ደስ አለው፤ ዕድሜውን ሙሉ ጥም ነግሮ ይመለስ ነበር እንጂ ውሃ ሲወጣ ቆሞ አይቶ አያውቅም።

ሦስተኛው በሚመረቅበት ቀን ለቁፋሮው ብር የሰጡት እንግዶች ከሩቅ መጡ። ዳስ ተጣለ፤ በግ ታረደ። «በል ንፋ!» አለ ዳኛው። ጥሩምባ ነፊው ጥሩምባውን ብብቱ ሥር አድርጎ ወደ ጉድጓዱ ሄደ።

«ኧረ ንፋ!»

ተንበረከከ። በእፍኙ ቀዳ። ጠጣ። ቆየ። ደግሞ ቀዳ፤ ደግሞ ጠጣ። በእንግዳ ፊት መትፋት ነውር ነውና ዋጠው። ውሃው ጨው ጨው ይላል።

ተነሥቶ ነፋ፦ «ውሃ ወጥቷል! ከብታችሁን ንዱ፤ እንስራውን ግን ከቤት አቆዩት!»

እንግዶቹ «ምን አለ?» ብለው አስተርጓሚውን ጠየቁ። አስተርጓሚው ዳኛውን አየ። ዳኛው ጥሩምባ ነፊውን አየ። ጥሩምባ ነፊው ጺሙን በጋቢው ጫፍ ጠረገ።

«ደስ ብሎናል ነው የሚለው» አለ አስተርጓሚው።

በዚያ ወር ቁናዋ ሁለት ሆነች።

አራተኛው ጉድጓድ ሲወጣ ዳኛው ራሱ ነፋ። ትንፋሹም አይታማም፤ ተራራው አስተጋባ። ውሃውም እንደ እውነቱ ከሆነ ከአራቱ የጣፈጠው እሱ ነበር። ከመንደሩ ብቅ ያለችው ግን አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እሷም እንስራዋን ሳታወርድ፣ «አያ ቀምሶታል?» ብላ ጠየቀች።

የዚህ ጥሩምባ ነፊ ቢጤ ዛሬም አለ፤ ከቴሌቪዥን ጣቢያ ወጥቶ የኤንጂኦ ኮሙኒኬሽን ኃላፊ የሆነ ጋዜጠኛ ከመካከላችን አይጠፋም። ተሸጠ ለማለት አፌ አይደፍርም። ልጅ ያሳድጋል፤ ደግሞም ችግር ቀርጾ በማግስቱ ወደ ሌላ ዜና መሮጥ ነፍስን ያደክማል። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ማይክል በርክ የዘገበው፣ መሐመድ አሚን የቀረጸው የኮረም ረሃብ በቢቢሲ ሲታይ ዓለም እጁን የዘረጋው፣ ካሜራው ለየትኛውም ድርጅት ገንዘብ ሊሰበስብ ስላልመጣ ጭምር ይመስለኛል። ድርጅቶች ከጋዜጠኛው ጋር የሚቀጥሩት ይህንኑ የተመልካች እምነት ነው። የብሩ ነገር ልክ አለው፤ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። ለጋሽ ስለሚጠብቀው «የስኬት ታሪክ» ግን እንዲህ ያለ ልክ አላየሁም።

አዲሱ ኃላፊ ዓርማ ያለበት ጃኬት ለብሶ መስክ ይወጣል። የመንደሩ ሰው ፊቱን ከዜና ያውቀዋል፤ ጃኬቱን ገና ማየቱ ነው። አንዲት እናት ለዚያ ለምታውቀው ፊት የሆዷን ትዘረግፋለች፤ የተናገረችውን አንብቦ «ይህ ይውጣ፣ ይህ ይቅር» የሚለው ግን ጃኬቱን የሰጠው ቢሮ ነው።