ምጽዋትና ካሜራ

ተንቀሳቃሽ ሥዕል በራሱ ክፉ ነው አንልም። እ.ኤ.አ. በ1979 ዓ.ም. የወጣው «ኢየሱስ» የተባለው ፊልም የሉቃስን ወንጌል ተከትሎ የተሠራ ሲሆን፥ ማንበብ ለማይችሉ ብዙዎች የጌታን ታሪክ በገዛ ቋንቋቸው አሰምቶአል። ዛሬ ደግሞ ስልክ የያዘ ወጣት ሁሉ በቤቱ ቪዲዮ ሠርቶ በዚያው ቀን ለብዙዎች ማሳየት ይችላል።

እንግዲህ እንጠይቅ፤ በመንገድ ዳር ለተቀመጠ ድኻ እንጀራ ስንሰጥ ራሳችንን ብንቀርጽ፥ የሰጠነው ለማን ነው? «ሌሎችን ለበጎ ሥራ ለማነሣሣት ነው» የሚል ይኖራል፤ ጌታ ብርሃናችን በሰው ፊት እንዲበራ አዝዞአልና። ነገር ግን በዚያው በተራራው ስብከት ምጽዋታችን በስውር እንዲሆን አስተምሮአል። ሁለቱ ትእዛዛት አይጣሉም፤ በሁለቱም ክብሩ የአባታችን እንጂ የእኛ አይደለምና።

ድኻውም የእግዚአብሔር መልክ ያለበት፥ እፍረትም የሚሰማው ወንድማችን ነው። ስለ አንድ እንጀራ ፊቱን ለአገር ሁሉ እንዲያሳይ ካደረግነው፥ ሸጥንለት እንጂ አልሰጠነውም።

ስለዚህ መዝሙራችንንና ምስክርነታችንን እንቅረጽ፤ እጃችን ለምጽዋት ሲዘረጋ ግን ስልኩ ከኪሳችን አይውጣ። አባታችን ሳይቀረጽም ያያልና።