አበባን የሚያለብስ አምላክ

ምንባብ፦ የማቴዎስ ወንጌል 6፥25-34



ጌታችን ስለ መብልና ስለ ልብስ የሚጨነቁትን ሲያስተምር ወደ ሜዳ አበቦች አመለከተ። በዘመናችን ሊቃውንት የአበባን ልብስ ራሱን መለወጥ ችለዋል። ዴልፊኒዲን የተባለው ሰማያዊ ቀለም በጽጌረዳ ውስጥ በተፈጥሮ አይገኝም። የጃፓንና የአውስትራልያ ተመራማሪዎች በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1990 ጀምሮ ደክመው፣ ቀለሙን የሚያስገኘውን ዘረ መል ፓንሲ ከምትባል አበባ ወሰዱ፤ በአፈር በሚኖር ባክቴርያ አማካይነትም ወደ ጽጌረዳ አስገቡት። ውጤቱን በ2004 ገለጡ፤ አበባውም በ2009 በጃፓን ለሽያጭ ቀረበ። መልኩ ግን ወደ ሐምራዊ ያደላ ነው።

እንግዲህ ምን እንላለን? ጥበብን አንናቅ፤ አእምሮን የሰጠ እግዚአብሔር ነውና። ነገር ግን አስተውሉ፤ ሰው ቀለሙን ከአንዲቱ አበባ ወደ ሌላይቱ አሻገረው እንጂ አልፈጠረውም። ሰው ተበዳሪ ነው፤ የግምጃ ቤቱ ጌታ እግዚአብሔር ነው።

በሞያሌ አካባቢ ባለው ደረቅ ምድር «የበረሃ ጽጌረዳ» የምትባል ተክል ትበቅላለች። በወፍራም ግንዷ ውኃ ታከማቻለች፤ ቅጠሏ ረግፎ ሳለ እንኳ በበጋ ታብባለች። በዚያ ምድረ በዳ ማንም አልኮተኮታትም፤ እግዚአብሔር ግን አለበሳት።

ሆኖም፣ «ከብቶቼ አልቀውብኝ በአበባ ልጽናናን?» የሚል ይኖራል። ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ አምስት የዝናብ ወራት በተከታታይ ሳይሰምሩ ቀርተው፣ በዚያ ያሉ ብዙ አርብቶ አደሮች መንጋቸውን አጥተዋል። ጌታችን እንዲህ ያለውን ሰው አይንቀውም። «አትጨነቁ» ማለቱም የሰው ችግር ቀላል ስለ ሆነ አይደለም፤ የሚያስፈልገንን የሚያውቅ አባት ስላለን ነው እንጂ።

ይህ አባት ብዙ ጊዜ የሚመግበው በወንድም እጅ ነው። ሞያሌ በኢትዮጵያና በኬንያ ድንበር የተከፈለች ከተማ ናት፤ ድርቅ ግን ድንበር አያውቅም፤ ፍቅርም ድንበር ሊያግደው አይገባም። በደጋ ዝናብ ያገኘን ምእመናን ሆይ፣ ጎተራችን ሞልቶ ሳለ ለቆላው ወንድማችን «እግዚአብሔር ያውቃል» ብለን ብቻ አንለፈው። ሰዎች ለአንዲት አበባ አዲስ ቀለም ለማልበስ አሥራ አራት ዓመት ደክመዋል፤ እኛስ በእግዚአብሔር አምሳል የተፈጠረውን ሰው ለማልበስ ስንት ቀን ደከምን?

ጽጌረዳይቱ አዲሱን ቀለሟን ለብሳ ትጠወልጋለች። በክርስቶስ ጽድቅ በጸጋ የለበሰ ግን ለዘላለም ይኖራል፤ በነጻ የተቀበለውንም በነጻ ይሰጣል። ለእርሱ ክብር ይሁን፤ አሜን።